ለላስታ መንገድ የሚሆን የካምቢዮ ኮፓ

ከወልድያ ተነስቶ ላሊበላ የሚገባ ፒካፕ መንገዱን የሚጨርሰው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ የድልብ ዳገት ይመጣል፤ ቀጥሎ ደጋው፣ ቀጥሎ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ነፋሻዋ ጋሸና። ከጋሸና ወደ ሰሜን ሲታጠፉ መንገዱ እስከ ተከዜ ይወርድና ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ጀምሮ ወደ 2,500 ሜትር መልሶ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ሾፌሩ ዓይኑን የሚጥለው የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ላይ ነው። ካምቢዮው በብዙ መኪና ላይ የራሱ መለኪያ የለውም። ሲግል አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከተጎዳ በኋላ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው የናፍጣ ፒካፕ የያዙ ሰዎች በዚህ መንገድ ጥቂት ከተመላለሱ በኋላ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። ከካምቢዮው ሥር በብሎን የታሰረውን የዘይት መያዣ፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሉትን፣ አውጥቶ ሌላ ኩባንያ በሠራው ትልቅና ወፍራም ኮፓ መቀየር ያዋጣል ወይ? ዘይቱን ያበርዳል፣ የካምቢዮውን ዕድሜ ያስረዝማል ይባላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል፤ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየትን የግድ አድርጎታል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ መንገድ ኮፓ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ድንጋይ ነው። ሙቀት ሁለተኛ ነው፤ ሙቀቱንም በዋናነት የሚያወጣው ኮፓው አይደለም።

ከሁሉ በፊት መኪናዎ እንዲህ ያለ ኮፓ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። በአገራችን መንገድ የምናያቸው የናፍጣ ፒካፖች አብዛኞቹ፣ አሮጌዎቹ ሂሉክሶች፣ ባለ 4.2 ሊትር ሞተሩ ላንድክሩዘር፣ ዲማክሱ፣ ማኑዋል ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። የማኑዋል ካምቢዮ ቤት ዙሪያውን የተዘጋና ወፍራም ነው። ከሥሩ ማፍሰሻ ብሎን፣ ከጎኑ መሙያ ብሎን አለው፤ ዘይቱም እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ይሞላል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ትልቅ ኮፓ ልሽጥልዎ የሚል ሰው ካለ የሚሸጠውን አያውቅም ማለት ነው። ጥያቄው የሚነሳው ለአውቶማቲኮቹ ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጣው ሂሉክስ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ፣ ለሬንጀር፣ ለአማሮክ፣ አልፎ አልፎም ከአሜሪካ ለገቡት ትልልቅ ፎርዶችና ራሞች።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ከማለስለስ ያለፈ ሥራ አለው። ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው በፊልትሮ በኩል ይስባል፤ በግፊት የተላከው ዘይት ማርሾቹን የሚያስሩትን ዲስኮች ይጨብጣል፤ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ራሱ ዘይቱ ያስተላልፋል። ሙቀቱ በብዛት የሚወለደው እዚሁ ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ጎማው ግን በዝግታ ሲሄድ፣ በመካከል የጠፋው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነት ሲገኝ ኮንቨርተሩ ራሱን ይቆልፍና መንሸራተቱ ይቀራል፤ በቀስታ ዳገት ሲወጣ ግን አይቆለፍም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ የሚወጣውን ዳገት በገና ሰሞን ያስቡት። ምእመናን መንገዱን ሞልተው በእግር ይወጣሉ፤ መኪናው አምስት ሜትር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። አንዳንድ ሾፌር ዳገት ላይ ሲቆም ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጅ በስሱ እየሰጠ መኪናውን ባለበት ያቆየዋል። ይህ ልማድ የአውቶማቲክ ካምቢዮን ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ ያግላል። ጎማው አይዞርም፣ ሞተሩ ይገፋል፣ ጉልበቱ በሙሉ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ደህና የሚባለው የዘይቱ ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከ120 በላይ ደጋግሞ ከወጣ ዘይቱ ቶሎ ያረጃል፣ የጎማ ማኅተሞችም ይደርቃሉ።

ትልቁ ኮፓ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ተጨማሪ ዘይት ይይዛል። በአንድ እሳት ላይ ትልቅ ድስት ውኃ ከትንሹ ዘግይቶ እንደሚፈላ፣ ብዙ ዘይትም ዘግይቶ ይግላል። ዳገቱ አጭር ከሆነ ይህ መዘግየት ይጠቅማል፤ ሙቀቱ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ ዳገቱ ያልቃል። ዳገቱ ረዥም ከሆነ ግን ጥቂት ደቂቃ ከመግዛት በስተቀር መጨረሻው አንድ ነው፤ የሚገባው ሙቀት አልቀነሰምና። የአልሙኒየም ኮፓዎቹ ከሥራቸው ያሉት ክንፎች አየር ሲነካቸው የተወሰነ ሙቀት ያወጣሉ፤ ይህም የሚሆነው መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነው። በዝግታ በሚወጣ መኪና ሥር አየሩ ቆሟል ማለት ይቻላል። ከፍታውም አለ፤ ላሊበላ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ጋሸና ላይ በሩብ ያህል። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንኑ ያህል ያንሳል። በሌላ በኩል የደጋው ብርድ ይክሳል፤ የላስታ ጠዋት ከአፋር ቀትር ጋር አይወዳደርም። በዚህ ምክንያት ነው በእኛ ደጋ ሙቀትን ሁለተኛ ያልኩት።

እነዚህ ኮፓዎች የተወለዱት ሌላ ዓይነት ሥራ ባለበት አገር ነው። በአሜሪካ ከባድ የናፍጣ ፒካፕ የፈረስ ወይም የጀልባ ተጎታች ይዞ በሰፊ አስፋልት ላይ ረዥም ዳገት በፍጥነት ይወጣል። ለምሳሌ የጄነራል ሞተርስ ትልልቅ ፒካፖች እ.ኤ.አ. ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ዱራማክስ ከተባለው የናፍጣ ሞተር ጋር አሊሰን 1000 ካምቢዮን ይዘው መጡ፤ ፎርድና ራምም የየራሳቸው አላቸው። በዚያ አገር ካሉት ከባድ ፒካፖች አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ኮፓቸው ማፍሰሻ ብሎን እንኳ አልነበረውም። ዘይት ለመቀየር ኮፓውን በሙሉ ማውረድ፣ በትኩስ ዘይትም መታጠብ ነበር። ማፍሰሻ ብሎን ያለው ኮፓ ገዝቶ መቀየር ለእነሱ እውነተኛ እፎይታ ነው። የቶዮታ አውቶማቲኮች ግን በአብዛኛው ማፍሰሻው ከፋብሪካ አላቸው፤ ያ ምክንያት እኛ ጋ የለም። አሜሪካ ያለ ዘመድ በደግነት የሚልከው ኮፓም ለፎርድ ወይም ለራም የተሠራ ከሆነ ሂሉክስ ላይ አይገባም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ከድልብ ተነስተው በኩልመስክ ከተማ የሚያልፉትን ወይም ከላሊበላ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡትን የጠጠር መንገዶች የሚያውቅ ሰው፣ በመንገዱ መሐል ከጎማ ቦይ መካከል ተነስቶ የቆመውን ድንጋይ ያውቀዋል። መኪና ሲጫን ባሌስትራው ይወርዳል፣ ሆዱም ወደ ድንጋዩ ይቀርባል። ጥልቅ ኮፓ ደግሞ ከፋብሪካው ኮፓ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይረዝማል። ከመግዛትዎ በፊት ከመኪናው ሥር ይግቡና ካምቢዮውን በተሸከመው አግዳሚ ብረትና ከፊት ባለው ዝቅተኛ ብረት መካከል ቀጥ ያለ እንጨት ያጋድሙ። ነባሩ ኮፓ ከእንጨቱ በላይ ስንት ጣት እንደሚቀረው ይለኩ። የሚገዙት ኮፓ ያንን ክፍተት ጨርሶ ከእንጨቱ በታች የሚወርድ ከሆነ ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ድንጋይ የሚነካው የካምቢዮው ሆድ ይሆናል።

የተሠራበት ነገርም ይመዘናል። ተጭኖ የተሠራ የላሜራ ብረት ኮፓ ድንጋይ ሲመታው ይጎደጉዳል። ቀልጦ የፈሰሰ አልሙኒየም ግን ብዙም አይጎደጉድም፤ ይቋቋማል ወይም ይሰነጠቃል። ከባድ የአልሙኒየም ኮፓ ብዙ ምት እንደሚችል አልክድም። ሲሰነጠቅ ግን ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ ዘይት የሌለው አውቶማቲክ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም። የጎደጎደ ላሜራ ላሊበላም ሆነ ወልድያ በመዶሻ ይቃናል፣ ከተቀደደም በተራ ብየዳ ይያዛል። በዘይት የራሰ አልሙኒየም በደንብ የሚበይድ ሰው ማግኘት ግን በየከተማው አይሆንም። ሩቅ አገር የሚሄድ መኪና ዕቃው በደረሰበት ሰፈር የሚጠገን ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ ለላስታ የላሜራ ብረት እመርጣለሁ።

የጎደጎደ ላሜራም ችላ አይባልም። ፊልትሮው ከኮፓው ወለል በላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚቀረው። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ገብቶ የፊልትሮውን አፍ ከዘጋ ፓምፑ ዘይት ያጣል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ይዘገያል፣ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው ግን አይሄድም። ብዙ ሰው ይህን የካምቢዮ መቃጠል ነው ብሎ ካምቢዮ ያስወርዳል። ከዚያ በፊት ኮፓውን በእጅ መዳሰስ ይሻላል።

ለዚህ ሁሉ ርካሹ መድኃኒት ከኮፓው ሥር የሚታሰር ወፍራም የመከላከያ ብረት ነው። አንዳንድ መኪና ከፋብሪካ ይዞት ይመጣል፤ ሾፌሮች ለጥገና ሲያወርዱት መልሰው ሳይገጥሙት ይቀራል። ጋራዥ ሲሠራ ከኮፓው ጋር ሳይነካካ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተውለት፤ ጭቃና ዘይት የሚወርድበት ቀዳዳ፣ ከማፍሰሻው ብሎን ትይዩም ቁልፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው። እኔ ለአዲስ ኮፓ የተቀመጠ ገንዘብ ቢኖረኝ መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው ማቀዝቀዣው ነው። በብዙ አውቶማቲክ ፒካፖች የካምቢዮው ዘይት በሁለት ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በራዲያተሩ ታንክ ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ቱቦ እያለፈ ሙቀቱን ለውኃው ይሰጣል። እዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ከፍተኛ ጥፋት ይፈጸማል። ራዲያተር ሲጎድል ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ይጨመራል። እንዲህ ያለ ውኃ ዝገትና ቅርፊት ያበጃል፤ ዝገቱ ያንን የውስጥ ቱቦ ሲበላው ውኃና የካምቢዮ ዘይት ይቀላቀላሉ። ዘይቱ ሮዝ ቀለም ያለው ድፍርስ ይሆናል፤ የካምቢዮው ዲስኮች ሽፋን ይላላል፣ ካምቢዮውም ይሞታል። ይህን ምንም ዓይነት ኮፓ አይከላከለውም። የሚከላከለው የተጣራ ውኃ ከኩላንት ጋር በልኩ ቀላቅሎ መጠቀምና የራዲያተሩን ክዳን ማየት ነው። ላሊበላ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ እንዲችል የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን በከፍታ ላይ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። ከዚህም በኋላ ዘይቱ የሚግል ከሆነ፣ ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ከማንኛውም ትልቅ ኮፓ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ያም ሆኖ ኮፓ መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነባሩ ተቀድዶ ወይም ዝጎ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ካምቢዮዎች፣ የአማሮኩ ባለ ስምንት ማርሽ አንዱ ነው፣ ኮፓቸው ከፊልትሮው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ በብረት ኮፓና በተናጠል ፊልትሮ የሚቀይሩ ዕቃዎች ተሠርተዋል፤ በድንጋያማ መንገድ ለሚነዳ ሰው ወጪው ተገቢ ነው።

ሲገዙ በመኪናው ስም አይግዙ። በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ሂሉክሶች የተለያየ ካምቢዮ ሊኖራቸው ይችላል። በቶዮታ ላይ ከሞተሩ ክፍል ወይም ከበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል፤ እሱን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ዕቃው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው፤ ገዢውም ዘመድ ወይም ጓደኛ ይሆናል። ለዚያ ሰው ከኮዱ ሌላ የኮፓውን ቅርጽ ይላኩለት። ካርቶን ከኮፓው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ዙሪያው በእርሳስ ይሳል፣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይበሱ። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን አዲሱ ኮፓ ላይ ሲያስቀምጡት አንድ ቀዳዳ እንኳ ካልገጠመ ዕቃው የእርስዎ አይደለም።

ጥልቅ ኮፓ ከሆነ ፊልትሮው አብሮ ይታሰብ። በአንዳንድ ካምቢዮ ፊልትሮውን ከታች ደግፎ የሚይዘው ኮፓው ራሱ ነው፤ ኮፓው ሲጠልቅ ፊልትሮው ድጋፍ ያጣና ይወርዳል። ደህና አምራች ለዚህ ማራዘሚያ ወይም ረዥም ፊልትሮ አብሮ ይሰጣል። የብረት ብናኝ የሚይዘው ማግኔት መኖሩን፣ የማፍሰሻ ብሎኑ ወደ ጎን ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ ከድንጋይ መራቁን ይመልከቱ። የሙቀት መለኪያ የሚገባበት ቀዳዳ ካለው ጥሩ ነው፤ ከሌለም የብዙ አዳዲስ መኪኖች የካምቢዮ ሙቀት ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ በሚሰካ ትንሽ መሣሪያ በስልክ ይነበባል።

ነባሩ ኮፓ ሲወርድ ቸኩለው አይጠቡት፤ መጀመሪያ ያንብቡት። ማግኔቱ ላይ በጣት ሲሹት የሚልም ግራጫ ደቃቅ ካለ የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚቆረቁር ስባሪ ወይም ስንጣሪ ብረት ካለ ከውስጥ የተሰበረ ነገር አለ፤ አዲስ ኮፓ ማሰር አይጠቅምም። ቀይ የነበረው ዘይት ቡናማ መሆኑ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ጥቁር ሆኖ የቃጠሎ ሽታ ካለው ግን ዲስኮቹ ተጎድተዋል።

ከዚያ የኮፓውን ጠርዝ ይዩ። ቀድሞ የሠራው ሰው ብሎኖቹን ከልክ በላይ አጥብቆ ከነበረ በየቀዳዳው ዙሪያ ላሜራው ወደ ላይ ተስቦ ይነሳል። ኮፓውን መስታወት ላይ ገልብጠው ቢያስቀምጡት የተነሱት ቦታዎች ከመስታወቱ ጋር ሲነካኩ በመካከላቸው ብርሃን ያልፋል። ጠርዙን በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፎ እያንዳንዱን ቀዳዳ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ መመለስ ይቻላል። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ጓርኒሲዮን (በኮፓውና በካምቢዮው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ቢያስገቡ ያንጠባጥባል፤ ማንጠባጠቡን ለማቆም ሲልኮን በብዛት የሚቀባ መካኒክ ካለ ያስቁሙት። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ሲልኮን ተቆርጦ ቀጫጭኖቹን የዘይት መንገዶች ይዘጋል። ብሎኖቹ ትንንሽ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ በ10 ቁልፍ የሚፈቱ፤ በቶዮታዎቹ የሚታዘዘው ኃይል በአብዛኛው ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው። በአጭር ቁልፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያቀያየሩ፣ በሁለት ዙር ያስሩ።

ዘይቱ መኪናው የሚጠይቀው ዓይነት ይሁን። ቶዮታ ደብልዩ ኤስ (WS) የተባለውን ዘይት በሚያዝበት ካምቢዮ ውስጥ ሌላ ቀይ ዘይት መጨመር አይገባም፤ ቀለም መመሳሰሉ ዝምድና አይደለም። ከኮፓው የሚፈሰው የዘይቱ ከፊል ብቻ መሆኑንም ይወቁ፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ አለ። የፈሰሰውን በሊትር ለክተው ያንኑ ያህል ይመልሱ፤ ኮፓው የጠለቀ ከሆነ አምራቹ የጻፈውን ጭማሪ ያክሉ። ብዙዎቹ አዳዲስ ካምቢዮዎች የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም። ልኩ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ የመኪናው መመሪያ በሚጠይቀው ሙቀት ላይ ሳለ፣ ከታች ባለው የልክ ቀዳዳ ትርፉ በቀጭኑ ሲወርድ ነው። መኪናው በአራቱም ጎማ እኩል መቆም አለበት፤ አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ አንስቶ የሚደረግ ልኬት ዋጋ የለውም። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ደልዳላ ቦታ እንደ ልብ ስለማይገኝ ይህን ሥራ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ወርዶ መሥራት ያዋጣል።

ጥልቁን የአልሙኒየም ኮፓ ይግዛ የምለው ሰው አለ፤ በአብዛኛው አስፋልት ላይ የሚውል፣ ተጎታች ወይም የውኃ ታንክ የሚጭን፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አስገጥሞም ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ የማይወርድለት፣ ከመኪናውም ሥር በእንጨት ለክቶ ቦታ ያገኘ። እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው የጋሸና ደርሶ መልስ በኋላ ሞተሩ ሲበርድ ከሥር ገብቶ የጓርኒሲዮኑን ዙሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረግ፤ ጨርቁ ቀይ ከነካው ብሎኖቹን በልካቸው ይፈትሽ፣ የዘይቱንም መጠን እንደገና ይለካ።